የትኛው ሸራ ለየትኛው ልጅ? በኾበር ባሕር ዳር ንፋስን ማንበብ

ከኾበር በስተደቡብ ያለው የግማሽ ጨረቃ የባሕር ዳርቻ፣ ዐረቦቹ ሻጢእ ኒስፍ አል-ቀመር የሚሉት፣ በዕረፍት ቀን ንፋስ ከተነሳ ውኃው በባለ ቀለም ሸራዎች ይሞላል። ምንጣፉ ዳር ሆና ሻይ ለምትቀዳና ልጅ ለምትጠብቅ እህታችን ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ቀለማቸው ብቻ ነው የሚመስለው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሸራ የሚመረጠው በተሳፋሪው ክብደትና በዕለቱ ንፋስ ነው። የታላቅ ወንድሙን ሸራ ይዞ የወጣ የ12 ዓመት ልጅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከዓይን ሊርቅ ይችላል። ያኔ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ነበር የሚጠብቀው?» የሚል ነው። የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው ብለን ልናልፈው የማንችለው ለዚህ ነው።

ስሙ ዊንድሰርፊንግ ነው። ሰውየው ቦርድ ላይ ቆሞ ሸራውን በሁለት እጁ ይይዛል። መሪ የለውም፤ ሸራውን ወደ ፊት ሲያዘነብለው ቦርዱ ከንፋሱ ፊቱን ያዞራል፣ ወደ ኋላ ሲያዘነብለው ወደ ንፋሱ ይዞራል። ሸራው በዐረብኛ «ሺራዕ» ይባላል፤ ከእኛው «ሸራ» ብዙም ስለማይርቅ ቃሉን ለመያዝ አያስቸግርም።

በሸራው ላይ 3.5፣ 4.7 ወይም 6.5 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ። ስፋቱ በካሬ ሜትር ነው። 6 ካሬ ሜትር ማለት ቁመቱ 3፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ የመጅሊስ ምንጣፍ ያህል ነው። ያንን ምንጣፍ አቁማችሁ በንፋስ ውስጥ ለመያዝ ስትሞክሩ አስቡት። በዚያ ላይ የንፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሸራውን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ጠዋት በቀላሉ የተያዘ ሸራ ከሰዓት በኋላ ልጁን አንስቶ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

የባሕር ንፋስ የሚለካው በኖት ነው፤ 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በስፖርቱ ሰዎች ዘንድ የሚሠራበት የግምት ስሌት አለ፦ የተሳፋሪውን ኪሎ በ1.34 አባዝቶ፣ የተገኘውን ለንፋሱ ኖት ማካፈል። ንፋሱ 18 ኖት ቢሆን፣ 90 ኪሎ ለሚመዝነው አባት 6.7 ካሬ ሜትር ይወጣል። ለ75 ኪሎ ሰው 5.6፣ 55 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 4.1፣ ለ35 ኪሎ ልጅ ደግሞ 2.6 ይሆናል። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ንፋስ፣ አራት ሸራ ማለት ነው። ያው የ75 ኪሎ ሰው ንፋሱ ወደ 12 ኖት ሲወርድ ከ8 ካሬ ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ወደ 25 ሲወጣ 4 ይበቃዋል።

ስሌቱ ግን ለለመደ ሰው ነው። ጀማሪ በ18 ኖት ንፋስ ጭራሽ መውጣት የለበትም። ጀማሪ የሚማረው በቀስታ ንፋስና በትንሽ ሸራ ነው፤ የወደቀ ሸራ ላይ ውኃ ይተኛበታል፣ በገመድ ጎትቶ ማንሳቱም ወገብ ይፈትናል። ለልጆች ከ1.5 እስከ 2.5 ካሬ ሜትር የሆነ፣ ከቀላል ጨርቅ የተሠራ ሸራ አለ። «ትንሽ ነው፣ ያድግበታል» ተብሎ ትልቅ የሚገዛለት ልጅ ግን ብዙ ነው። ለጫማ ይሠራ ይሆናል፤ ለሸራ አይሠራም።

የንፋስ መለኪያ ባይኖራችሁም ዓይናችሁ ይበቃል። ውኃው ላይ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ብቅ ማለት ሲጀምር ንፋሱ ከ7 እስከ 10 ኖት ነው። አቧራና ወረቀት መሬት ላይ ሲነሳ፣ ነጩ አረፋ ሲበዛ፣ ከ11 እስከ 16 ደርሷል። ትንንሽ ዛፎች ሲወዛወዙ 17ን አልፏል። ጃንጥላ መያዝ ሲያስቸግር ደግሞ ከ22 በላይ ነው፤ ያኔ ልጅ ከውኃ ይውጣ።

ከንፋሱ ብርታት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አቅጣጫው ነው። በዚህ አገር ዋናው ንፋስ ሸማል ነው፤ ቃሉ ሰሜን ማለት ሲሆን ንፋሱ የሚመጣው በብዛት ከሰሜን ምዕራብ ነው። በሰኔና በሐምሌ ይበረታል፤ ቀን ይነፍሳል፣ ማታ ረገብ ይላል፣ ከኢራቅ በኩል አቧራ ይዞ ይመጣል። ያገሬው ሰው ይህን የሙቀት ወራት ንፋስ «በዋሪህ» ይለዋል። አሁን የኾበርን ኮርኒሽ አስቡት። ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባህሬን ነው። ስለዚህ ሸማል ሲነፍስ ከመሬት ተነስቶ ወደ ባሕሩ ይገፋል ማለት ነው። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው፦ ከመሬት የሚመጣ ንፋስ ከዳር ያለውን ውኃ ለጥ ያደርገዋል። ዳር ላይ የቆመ ሰው «ባሕሩ ጸጥ ብሏል» ይላል፤ 200 ሜትር ገባ ሲባል ግን ንፋሱም ማዕበሉም ሌላ ነው። ይህ በሸራ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በአየር የተነፋ ዳክዬ ላይ የተቀመጠ ሕፃንም እንዲሁ ይነዳል፤ እንዲያውም ዳክዬው ቀላል ስለሆነ ይፈጥናል።

ለማወቅ ቀላል ነው። ፊታችሁን ወደ ባሕሩ አድርጋችሁ ቁሙ። ንፋሱ ጀርባችሁን ከመታችሁና የአባያችሁ ጫፍ ወደ ውኃው ከተጎተተ፣ ንፋሱ የሚነፍሰው ከመሬት ነው። በግማሽ ጨረቃ ዳርቻ ደግሞ ባሕሩ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ፣ ያው ንፋስ በአንዱ ዳር ሰውን ወደ መሬት ሲመልስ በሌላው ዳር ወደ ውስጥ ይወስዳል። ስለዚህ ቦታ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ለማዳም ወይም ለባባ መንገር ድፍረት የሚመስላት እህት አለች። አጭር ዐረብኛ ይበቃል፦ «አል-ሀዋ ሚን አል-በር» (ንፋሱ ከመሬት ነው)፣ «ሀዋ ገዊ» (ንፋሱ ጠንካራ ነው)፣ «ሺራዕ አስገር» (ያነሰ ሸራ)። ሰምተው ቢተዉት እንኳ ነግራችኋል። የአገሪቱ ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ ማዕከልም የንፋስና የአቧራ ማስጠንቀቂያ በቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ደረጃ ስለሚያወጣ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ማሳየት ይቻላል።

ልጁ ተወስዶ ከሆነ ተከትሎ መዋኘት ሁለት ሰው ማጣት ሊሆን ይችላል። በምሥራቃዊው ክልል የባሕር ላይ እርዳታ የሚጠራው በ911 ነው፤ የድንበር ጠባቂው፣ ሀረስ አል-ሁዱድ፣ በዚሁ ቁጥር ይገኛል። ልጁ አስቀድሞ መማር ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ሸራውን ልቀቅ፣ ቦርዱን ግን አትልቀቅ። ቦርዱ አይሰምጥም፣ ፈላጊም ከሰው ራስ ይልቅ ቦርድ ቶሎ ያያል።

የሸራ ዓይነቱን በተመለከተ ሱቅ ውስጥ ብዙ ይወራል። ለትልቅ ማዕበል የሚሠራው ትንሽና ወፍራም ነው፤ እዚህ ዳር ያን ያህል ማዕበል ስለሌለ ትርፉ ዋጋው ነው። ለውድድር የሚሠራው ምሰሶው በሚገባበት በኩል ቅርጹን የሚይዙ ፕላስቲኮች አሉት፤ ይፈጥናል፣ ግን ይከብዳል፣ ከውኃም ለማንሳት ያስቸግራል። ለዚህ ለተረጋጋ ባሕር መካከለኛው፣ ያለ ፕላስቲኮቹ የሚሠራው፣ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሸራ በሰውነት ልክ መሆን እንዳለበት ኦሊምፒክም ቢሆን ዘግይቶ ነው የተቀበለው። ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ በወንዶች ብቻ ተጀመረ፤ ሴቶች በ1992 በባርሴሎና ገቡ። ከ1996 እስከ 2004 ወንዱም ሴቷም በአንድ 7.4 ካሬ ሜትር ሸራ ይወዳደሩ ነበር። ከ2008ቱ ቤጂንግ እስከ 2020ው ቶኪዮ ድረስ የወንዶቹ 9.5፣ የሴቶቹ 8.5 ነበር። በዚያ በአንድ ልክ ዘመን፣ በ1996 አትላንታ፣ ሊ ላይ-ሻን የምትባል ከትንሿ የቼንግ ቻው ደሴት የመጣች ሴት አሸንፋ ለሆንግ ኮንግ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኝታለች።

ማታ ዕቃው ሲሰበሰብ ሥራው ወደ እኛ ይመጣል። (ዓርብ ቀን በባሕር ዳር ልጅ መጠበቅ ዕረፍት አይደለም፤ እንደማንኛውም ቀን ሥራ ነው።) ሸራው ሳይላላ አይነካ፤ መጀመሪያ የተወጠረበት ገመድ ይፈታ። ጨዉ እንዲለቅ በጣፋጭ ውኃ ይታጠብ፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ እንደ መስታወት የሚያሳየው ክፍል የፀሐይ ብርሃን ሲበዛበት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ይጠቀለላል እንጂ እንደ አንሶላ አይታጠፍም። ሁለት ሆኖ የሚገጣጠመው ምሰሶ መጋጠሚያው ላይ አሸዋ ከገባ አንዴ ከተጣበቀ ወዲያ አይላቀቅምና፣ ከመለያየቱ በፊት ውኃ ይፍሰስበት። የድሮ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ከመጠቅለላችሁ በፊት፣ እዚያው ባሕር ዳር፣ ለባለቤቱ አሳዩ።