እጣቢው ለጌሾው፦ የጀሪካን ሒሳብ በምዕራብ ጎጃም

በምዕራብ ጎጃም ጌሾ የጓሮ ገንዘብ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገበዝ ማርያም ገጠር ባለጓሮው ቅጠሉንና እንጨቱን አድርቆ ለገበያ ያወጣል፤ ነጋዴውም ለጠላና ለጠጅ ጠማቂ ያደርሳል። ይሁንና ጥምቀት፣ የጥር ሠርግና ፋሲካ ተከታትለው ጠላ በብዛት የሚጠመቀው በበጋ ሲሆን፣ ዋናው ዝናብ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ፈላጊ ሲበዛ ተክሉ ይጠማል ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ በሚከፈልበት ከተማ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ለጓሮ ማፍሰስ ትርፉን ይበላዋል።

አንዱ መፍትሔ ከማድ ቤት ደጃፍ የሚደፋው እጣቢ ነው። አንድ ቤተሰብ ከአትክልት፣ ከምስርና ከዕቃ አጠባ በቀን አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ቢያጠራቅም በወር 600 ሊትር ይሆናል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባሉት 5 ወራት 3,000 ሊትር፣ ማለትም 150 ጀሪካን ያገኛል። ይህን በየሰፈሩ የውሃ ዋጋ አባዝቶ ማስላት ለአንባቢ አያዳግትም።

እጣቢ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። የአትክልትና የምስር እጣቢ እንዳለ ለተክል ይሆናል። የድስትና የሰሃን እጣቢ ግን ቅባት፣ ጨውና ሳሙና ይዟል። ቅባቱ አፈሩን ደፍኖ ውሃ እንዳይሰርግ ያደርጋል፤ ከጨውና ከሳሙና የሚመጣው ሶዲየም ሲጠራቀም አፈሩ ይጠጥራል። በረኪና የገባበት ውሃ ጭራሽ አይሞከርም። ስለዚህ ቅባት የበዛበትን የመጀመሪያ እጣቢ ለይቶ ቀሪውን በጠጠርና በአሸዋ ማጥለል ያስፈልጋል። ሲያድር ስለሚሸትና ጀርም ስለሚያራባ በዕለቱ መፍሰስ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ባወጣው ባለ4 ቅጽ መመሪያ የእጣቢ ውሃ ለእርሻ የሚውልበትን ሁኔታ አካቷል። ዋናው ጥንቃቄ ውሃው ቅጠል ሳይነካ ከሥር እንዲፈስ ማድረግ ነው። እንደ ሰላጣ በጥሬው የሚበላ ነገር አይጠጣበትም።

የነቀምቴ መንገድ በሚገነጠልባት ቡሬ ለሚሠሩ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶችም ሒሳቡ ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚደፉት ቅባት ስለሚበዛ አስቀድመው የስብ ማስቀሪያ ጉድጓድ ማሠራት ይኖርባቸዋል።

የክረምቱ ዝናብ በጥሩ ሁኔታ በሚሰርግ አፈር ላይ የተጠራቀመውን ጨው አጥቦ ያወርዳል። በበጋ ጌሾ የሚያስስ ደላላም የሚሄደው ጓሮውን ካላስጠማው ዘንድ ነው።