ከአውበሬ የተላከ ናሙና ምን ይገጥመዋል?

«ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ባዮፕሲ የተወሰደለት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጠዋት ደም ሰጥቶ ከሰዓት በኋላ ውጤት መቀበል የለመደ ሰው፣ ከገላው የተቆረጠች ትንሽ ሥጋ ሳምንትና ከዚያም በላይ ስትቆይበት ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። መንገዱና ወረፋው የየራሳቸውን ቀን ይወስዳሉ፤ የፓቶሎጂስት (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታውን የሚለይ ሐኪም) እጥረቱም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ቢቀና እንኳ ናሙናው ማይክሮስኮፕ ሥር ከመግባቱ በፊት ሊዘለል የማይችል ሥራ አለ። የዚያ ሥራ ዋናው ዕቃ ሰም ነው፤ የማር ሰም ሳይሆን ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣው፣ የሱቅ ሻማ የሚሠራበት ፓራፊን።

አውበሬን መነሻ አድርገን መንገዱን እንከተለው። አውበሬ ከጅግጅጋ በስተሰሜን፣ በፋፈን ዞን፣ ለሶማሌላንድ ድንበር ቅርብ የሆነች ከተማ ናት፤ ተፈሪ በር የሚሏትም አሉ። ከሶማሊያ የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት መጠለያ ጣቢያም እዚያው ነው። እንበልና አንድ አዛውንት ምግብ አልዋጥ ይላቸዋል። መጀመሪያ ሥጋና ሩዝ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ ኋላ ሾርባው ሳይቀር ደረታቸው ላይ እየቆመ ያስቸግራቸዋል። ጤና ጣቢያ ሲመጡ ወጣቱ ባለሙያ «አዴር (አጎቴ)፣ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሲሰማ ሪፈር ይጽፋል። ጅግጅጋ ውስጥ የካራማራ ሆስፒታልና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አሉ፤ ከዚያ ካለፈ የካራማራን ተራራና ባቢሌን አልፎ ሐረር፣ ከሐረር ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ኢንዶስኮፒ በሚሠራበት ቦታ፣ በጉሮሯቸው በሚገባ ቀጭን ቱቦ ከምግብ ቧንቧቸው ግድግዳ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የሆኑ ጥቂት ቁራጮች ይወሰዳሉ።

ሐኪሙ የሚፈራው ካንሰርን ነው። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚወርደው የአህጉሩ ምሥራቃዊ ክፍል የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ በአገራችንም የአርሲና የባሌ ስም በዚህ ይነሳል። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሞቆ የሚጠጣ መጠጥን ካንሰር በማምጣት በጽኑ ከሚጠረጠሩት ነገሮች ተርታ መድቦታል። (ሻሂ ካልፈላ አይጣፍጠኝም የሚል ሰው ጥቂት ቢታገስ ምንም አይጎዳም።) የሆነ ሆኖ፣ መዋጥ የሚከለክል ሌላም ሕመም አለ። ቁርጡን የሚነግረን የተወሰደው ሥጋ ነው።

ታዲያ ለምን በቀጥታ አይታይም? የተለመደው ማይክሮስኮፕ የሚሠራው ብርሃን ከሥር ወደ ላይ በናሙናው ውስጥ ሲያልፍ ነው። ብርሃን እንዲያልፍ ናሙናው ከ3 እስከ 5 ማይክሮን መሳሳት አለበት። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፣ አንዲት ቀይ የደም ህዋስ ደግሞ 7። ስለዚህ ህዋሷን ራሷን የሚያሳሳ ቢላ ያስፈልጋል ማለት ነው። ትኩስ ሥጋ ግን ለዚህ አይገዛም። ቁርጥ ቤት ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጥሬ ሥጋ እያሳሱት ሲሄዱ ከቢላው ሥር ይሸሻል። አቀዝቅዞ በረዶ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል፤ ቀዶ ጥገና ላይ መልስ በደቂቃ ሲፈለግ ይህ ይሠራል። ችግሩ፣ የበረዶው ስባሪ ህዋሱን ያበላሸዋል፤ ናሙናውም ቅዝቃዜ ሳይለየው መኖር አለበት። ከአውበሬ ለሚነሳ ናሙና ይህ የማይታሰብ ነው። መፍትሔው በሥጋው ውስጥ ያለውን ውሃ አስወጥቶ በቦታው ሰም ማስገባት ሆነ። ሰሙ ሲረጋ ቢላው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥንካሬ ያገኛል።

ከሰሙ በፊት ግን ፎርማሊን አለ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ብዙ ናሙና የሚበላሸው እዚህ ነውና። ሥጋ ከአካል በተለየ በደቂቃዎች ውስጥ የራሱ ኢንዛይም ሊበላው ይጀምራል። ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ አሳስሮ ይህን ያስቆማል። ይህን ጠባዩን የደረሰበት ጀርመናዊው ሐኪም ፈርዲናንድ ብሉም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ፍራንክፈርት ውስጥ ፎርማልዴሃይድን ለጀርም መግደያነት ሲሞክር የገዛ ጣቶቹ ቆዳ ሲጠነክር አስተዋለ። ዛሬም የምንጠቀምበት 10 ከመቶ ፎርማሊን የሚባለው ውስጡ 4 ከመቶ ያህል ፎርማልዴሃይድ ያለበት ነው።

ብልቃጡ ውስጥ የሚጨመረው ፎርማሊን ከሥጋው መጠን አሥር እጥፍ፣ ቢቻል ሃያ እጥፍ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ የሚገባው ቀስ እያለ፣ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለትንሿ የኢንዶስኮፒ ናሙና ስድስት ሰዓት ሊበቃት ይችላል። ሙሉ ጡት ወይም ማህፀን ከሆነ ግን ሳይሰነጥቁ ቢነክሩት ዳሩ ሲጸና መሐሉ ይበሰብሳል። ናሙናውን በጨው ውሃ ማስቀመጥ ጥፋት ነው። በደረቅ ጎዝ ጠቅልሎ መላክ ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው፤ ሥጋው ደርቆ ይደርሳል፣ ህዋሱ ተጨማድዶ ማንነቱ ይጠፋል። አፈ ጠባብ ብልቃጥም የራሱ መዘዝ አለው። ሥጋው ለስላሳ ሆኖ እየተጨመቀ ይገባል፣ ፎርማሊኑ ካጠነከረው በኋላ ግን ብልቃጡ ካልተሰበረ አይወጣም። ሌላው ቀርቶ እስክሪብቶም ጠላት ነው። ናሙናው በኋላ የሚያልፍባቸው አልኮልና ዛይሊን የሚባለው ፈሳሽ ቀለሙን አጥበው ይወስዱታል፤ ስለዚህ ናሙናው የሚገባበት ካሴት ላይም ሆነ በመጨረሻ የሚለጠፍበት መስታወት፣ ስላይዱ፣ ላይ በእርሳስ ይጻፋል። በዚህ ሁሉ ማሽን መሐል የታካሚውን ማንነት የሚጠብቀው የእርሳስ ጽሑፍ ነው።

ጥሩው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ፎርማሊን ውስጥ በአግባቡ የገባ ናሙና ፍሪጅ አይፈልግም። ክዳኑ ከጠበቀና ካልፈሰሰ በአውቶቡስም ይሄዳል። አዛውንቱ አውበሬ ተቀምጠው ናሙናቸው ብቻውን መጓዝ ይችላል። ለእኔ የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ፓቶሎጂስቱ ባለበት ቦታ ታካሚው መገኘት አያስፈልገውም።

ላቦራቶሪ ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ኬሚስትሪ ነው። ሰምና ውሃ አይዋሃዱም፤ አልኮልና ሰምም እንዲሁ። ስለዚህ በደረጃ ይኬዳል። ናሙናው መጀመሪያ 70 ከመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ 95፣ በመጨረሻም ወደ ንጹሕ አልኮል። በአንድ ጊዜ ጠንካራው ውስጥ ቢገባ ይኮማተራል። ውሃው ሲያልቅ ከአልኮልም ከሰምም ጋር የሚስማማው ዛይሊን አልኮሉን ይተካል። ቀጥሎ በ60 ዲግሪ ገደማ የቀለጠ ፓራፊን ዛይሊኑን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ይህን ሁሉ የሚያዘዋውር ማሽን አለ፤ ብዙውን ጊዜ ማታ ተጭኖ ሲሠራ ያድራል። መብራት ቢጠፋና ጄኔሬተር ከሌለ ሥጋው ዛይሊን ውስጥ ከልክ በላይ ቆይቶ ይደርቃል፣ ቢላ ሲነካው ይፈረካከሳል። «ናሙናው ተበላሽቷል» የሚለው መልስ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በነጋታው ቴክኒሻኑ ሰም የሞላውን ሥጋ በሞቀ ወረንጦ አንስቶ ትንሽ የብረት ቅርጽ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ላዩ ላይ ሰም ያፈስሳል፣ በቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ ያረጋዋል። አቀማመጡ ብልሃት ይጠይቃል። የምግብ ቧንቧ ቁራጭ በጎኑ መቆም አለበት፣ ላይኛው ሽፋንና ከሥሩ ያለው ክፍል ከብሎኩ በሚቆረጠው አንድ ስስ ቅጠል ላይ ጎን ለጎን እንዲታዩ። በጀርባው ከተኛ ካንሰሩ ድንበር አልፎ ሰርጎ መግባቱ አይታወቅም። ብሎክ የሚባለው ሥጋውን የያዘው የረጋ ሰም ነው። ብሎኩ ከበረዶ ላይ ተነስቶ ማይክሮቶም በሚባለው መቁረጫ ላይ ይታሰራል። እጀታው በዞረ ቁጥር ብሎኩ ወደ ምላጩ ይጠጋል፣ አንድ ቅጠል ይቆረጣል፤ ቅጠሎቹም ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው ሪባን ይሠራሉ። ጥሩ ቴክኒሻን ሪባኑን በቀጭን ብሩሽ አንስቶ 40 ዲግሪ አልፎ በሞቀ ውሃ ላይ ያሳርፈዋል። መጨማደዱ በዓይን እያየን ይፈታል፣ ስላይዱ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል። ትንፋሽ ጠንከር ካለ ቅጠሉ ይበራል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ድምፁን ቀንሶ የሚያወራው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚሆነው ጀማሪን ያስገርማል። ያን ያህል ተለፍቶበት የገባው ሰም በዛይሊን ታጥቦ ይወጣል። ሰሙ የተፈለገው ለመቆረጡ ብቻ ነበር፤ ቀለሙ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ሰም ባለበት አይገባም። ሁለት ቀለሞች ይፈራረቃሉ፦ ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ግንድ የሚገኘው ሄማቶክሲሊን ኒውክሊየሱን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ኢኦሲን ሌላውን ሮዝ ያለብሰዋል። ፓቶሎጂስቱ ይህን ሲያይ ነው ህዋሶቹ ተራቸውን ጠብቀው መደርደራቸውን፣ ወይም ኒውክሊየሳቸው አብጦና ጠቁሮ ወደ ታችኛው ክፍል ሰርገው መግባታቸውን የሚፈርደው።

በአገራችን ከዚህ የፈጠነ መንገድም አለ። አንገቱ ላይ ንፍፊት ያበጠበት ሰው ሲመጣ በቀጭን መርፌ ፈሳሽ ተስቦ ስላይድ ላይ ይቀባል፤ ሰም የለም፣ ማሽን የለም፣ መልሱም ቶሎ ይመጣል። የንፍፊት ቲቢ በብዛት በሚገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መርፌው ግን የሚያወጣው የተበታተነ ህዋስ ነው፤ ማን ከማን አጠገብ እንደነበረ አይናገርም። ያንን የሚጠብቅልን ሰሙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሲያጠና የኖረው የሥጋ ደዌም እንዲሁ ነው፤ በሽታው የቆዳ ነርቭን መክበቡ የሚታየው ሥጋው ሳይበተን ሲቆረጥ ነው።

በፓራፊን መጠቀም የጀመረው ጀርመናዊው ኤድዊን ክሌብስ እንደሆነ ይነገራል፣ እ.ኤ.አ. በ1869። ያኔ ያሰበው ለመቁረጥ ብቻ ነበር። ብሎኩ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይበላሽ የሚቆይ ሆኖ ተገኘ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታ፣ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያጨስን የምናስበው፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በጄፍሪ ታውበንበርገር የሚመራ የአሜሪካ ቡድን የዚያን ቫይረስ የዘር ቁራጭ ይፋ ሲያደርግ፣ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1918 ከሞተ ወታደር ሳንባ ተወስዶ በፓራፊን ከተቀመጠ ናሙና ነው። ኪንሻሳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 ከአንዲት ሴት የተወሰደ የንፍፊት ብሎክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነ ምርመራ ኤችአይቪ ተገኘበት፤ የቫይረሱ መነሻ ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ እንደሚጠጋ ያሳየውም እሱ ነው።

ለአውበሬው ቤተሰብ ይህ የሚጠቅመው በቀላል ነገር ነው። አባትየው ወደ አዲስ አበባ ቢላኩ፣ ወይም ዘመድ ወደ ሐርጌሳ ሊወስዳቸው ቢያስብ፣ የተጻፈውን ውጤት ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። ከላቦራቶሪው ስላይዱንና ብሎኩን መጠየቅ ይገባል። ስላይዱን ሌላ ፓቶሎጂስት ዳግም ያየዋል፤ ከብሎኩ ደግሞ አዲስ ቅጠል ተቆርጦ በሌላ ቀለም ሊመረመር ይችላል፣ አዛውንቱም ሁለተኛ ኢንዶስኮፒ አይገቡም። ብሎኩን ፈርሞ መረከብ፣ በወረቀት ጠቅልሎ በትንሽ ጠንካራ ዕቃ መያዝ ነው። የሚቀልጠው ከ56 ዲግሪ ጀምሮ ስለሆነ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይተውም፤ ቦርሳ ውስጥ፣ ከእግር ሥር ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።