ጥሬ አትክልት በቡታጅራ ገበታ

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመስቃን ጉራጌ አገር የምትገኝ ከተማ ናት። በአገሩ የታወቀው ምግብ ቆጮ ነው። ይኸውም ከእንሰት ተፍቆ፥ በጉድጓድ ተቀብሮ ከቦካ በኋላ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚጋገር ነው፤ ኀይል ይሰጣል፥ ቪታሚን ሲ ግን እምብዛም የለበትም። ጎመኑም ተቀቅሎና ደቅቆ ተከትፎ በቅቤ ይታሻል። ክትፎን በጥሬው የሚወድ አገር ቅጠልን ያለ እሳት አለማመኑ የሚያስደንቅ ነው። ቪታሚን ሲ በእሳት ይጠፋል፥ በመቀቀያው ውሃም ይሟሟል፤ ሰውነት ከእህልና ከቅጠል የሚያገኘውን የብረት ማዕድን እንዲቀበል የሚረዳውም እርሱ ነው።

ሆኖም መድኀኒቱ ከደጅ ነው። ስመ ጥሩው የማረቆ በርበሬ የሚበቅለው በቡታጅራ አጠገብ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው የሃንጋሪው ሊቅ አልበርት ሴንት ጂዮርጂ ቪታሚን ሲን በብዛት ለይቶ ያወጣው ከበርበሬ ነበር። ገበሬው ግን ፍሬው እስኪቀላ ይጠብቃል፤ ገንዘቡ ከደረቁ ነውና። በፀሐይ ሲደርቅም አብዛኛው ቪታሚን ሲ ይጠፋል። ስለዚህ ከማሳው ጥቂቱን በእሸትነቱ ቀጥፎ፥ ቃሪያውን ከቆጮው ጋር መብላት ከሁሉ የሚቀል ዘዴ ነው።

ሕፃናት ማቃጠሉን አይችሉትም፤ ለእነርሱ ቲማቲምና ፓፓያ ይስማማቸዋል። ፓፓያ ተልጦ ስለሚበላ ስጋቱም ያንሳል። ሰላጣና ቲማቲም ግን በቆሸሸ ውሃ ያደጉ እንደ ሆነ የወስፋት ዕንቁላል ይዘው ሊገቡ ይችላሉና፥ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ሳያጥቡ ማቅረብ አይገባም።