ቃሊቲና አዋሽ

ከጊንጪ አቅራቢያ ከደጋው ምድር መንጭቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው አዋሽ ከብዙ ታላላቅ ወንዞች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን፣ በአቤ ሐይቅ ተወስኖ የሚቀር መሆኑ ነው። ስለዚህ የላይኛው አገር ከተማ በውኃው ላይ የጣለውን ርኩሰት ውቅያኖስ ወስዶ ይሰውርልናል ብሎ መጽናናት አይቻልም፤ የተጣለው ሁሉ በመስኖው እርሻ፣ በከብቱ መጠጫ፣ በኋላም በሐይቁ ይቀራልና። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ወንዙ በገደል ውስጥ ሲያልፍ ለሚመለከት ነዋሪም ሆነ ከሠመራ ወዲህ ግመሎቹን ለሚያጠጣ አፋር፣ የውኃው ጤንነት ከሚጠበቅባቸው ስፍራዎች አንዱ ከእነርሱ እጅግ የራቀው የአዲስ አበባው ቃሊቲ ነው።

የአዲስ አበባ ፍሳሽ የሚወርድባቸው ታላቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይገባሉ። ይህን ፍሳሽ አስቀድሞ ለማንጻት በ1970ዎቹ የተሠራው የቃሊቲ ጣቢያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲቀበል የታሰበ፣ ዋና መሣሪያው ተከታታይ ኩሬ የሆነ ሥራ ነበር። ወደ እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚገባ ፍሳሽ መጀመሪያ የሚያገኘው የብረት ወንፊት ሲሆን ፌስታሉ፣ ጨርቁና የላስቲክ ጠርሙሱ እዚያ ይያዛል (ይህን ሲጎትቱ ያየ ሰው ወደ ሽንት ቤት ፌስታል ለመጣል እጁ አይታዘዝለትም)፤ ቀጥሎ አሸዋው ይዘቅጣል። የቀረው ግብር የረቂቃን ሕዋሳት ነው፤ በፊተኛው ኩሬ ግርጌ አየር የማይሹት አተላውን እንደ ጠላ ጋን ሲያብላሉት፣ ከላይ ደግሞ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን እያመነጨ አየር የሚሹትን ይመግባል፤ በኋለኞቹ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎችም ፀሐይና ጊዜ ተባብረው የበሽታውን ዘር ያጠፋሉ። በ2010 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ድጋፍ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያነጻ የታነጸው ሐዲሱ ጣቢያ ግን ቦታ ለመቆጠብ ፍሳሹን ከታች ወደ ላይ በዝቃጭ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ከዚያም ሕዋሳት በተጣበቁበት ማጣሪያ ላይ ያንጠባጥበዋል።

ነገር ግን ሕዋስ የማይበላው አለ። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮም ብረት ነውና አይበሰብስም፤ ከፋብሪካው በር ካልተያዘ የሞጆ ወንዝ በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ላይ ወደ ተመረቀው የቆቃ ግድብ ያደርሰዋል። ናይትሮጅንና ፎስፎረስም በተራ ማንጻት ብዙው ስለማይወገድ እምቦጭንና አልጌን ያሰባሉ፤ ቆቃ ይህን በሚገባ ያውቀዋል።

በእኔ ግምት ለቆላው ከተማ፣ ለሠመራም ሆነ ለአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከሐዲሱ ጥበብ ይልቅ አሮጌው ኩሬ ይስማማል፤ ሜዳው ሰፊ፣ ፀሐዩ ጽኑ ነውና ሕዋሳቱ ከቃሊቲ ይልቅ ይፈጥናሉ። ይሁን እንጂ ያው ፀሐይ ውኃውን እያተነነ ጨውን ስለሚያወፍር፣ በእንዲህ ያለ ኩሬ የተጣራ ውኃ ለመስኖ ከመለቀቁ በፊት ከጀርሙ ሌላ ጨዉም ሊለካ ይገባል፤ ለሎሚ ተክል የማይሆነው ለተምር ሊሆን ይችላልና።