አረንጓዴዎቹ ለምን ይጠብቃሉ?

የድንገተኛ ክፍል ሰልፍ እንደ ታክሲ ሰልፍ ቀድሞ የደረሰ የሚሳፈርበት አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎበት በጠዋት የመጣ ሰው፣ ከእሱ በኋላ የደረሱ በቃሬዛ እየገቡ ሲያልፉት ተቀምጦ ያያል። ተረሳሁ ወይም ዘመድ ያለው ቀደመኝ ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ ያስረዳው የለምና። ተራውን የወሰነችው በር ላይ ሙቀቱንና ግፊቱን የለካችው ነርስ ናት። ሥራዋ ትሪያጅ ይባላል።

ልማዱ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኛን የሚያስቀድመው በማዕረጉ ሳይሆን በጉዳቱ ክብደት ነበር። ዛሬ ያ ዓይነቱ ፍርድ በነጥብ ይሠራል። በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች መነሻ ያደረጉት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ውስጥ መዘጋጀት የጀመረው ነው። ለአዋቂ ሰው ሰባት ነገሮች ይታያሉ፦ አረማመዱ፣ አተነፋፈሱ፣ የልብ ምቱ፣ የላይኛው የደም ግፊቱ፣ የሰውነቱ ሙቀት፣ ንቃቱ፣ አደጋ ደርሶበት እንደሆነም። የነጥቡ ድምር 7ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ፣ 5 ወይም 6 ብርቱካናማ፣ 3 ወይም 4 ቢጫ፣ ከዚያ በታች አረንጓዴ ነው። ቀዩ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማው በ10 ደቂቃ፣ ቢጫው በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴው በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት።

ወለም ያለውን ሰው እናስላው። የሚራመደው ተደግፎ ነው፤ 1። አደጋ ደርሶበታል፤ 1። ትንፋሹም ምቱም ግፊቱም ደህና ስለሆነ ሌላው ሁሉ ዜሮ ነው። ድምሩ 2፣ ቀለሙ አረንጓዴ።

ድምሩ ብቻውን ግን አይፈርድም። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ፣ ትከሻው የወለቀ፣ ሕመሙ እጅግ የበረታ ሰው ነጥቡ 2 ቢሆንም ወደ ብርቱካናማ ከፍ ይላል። ጣቱ የወለቀ፣ ወይም አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳው ያልተቀደደ ሰው ቢጫ ይሆናል። አረንጓዴ የሚባለው ከዚህ ሁሉ ወንፊት ያለፈው ነው። እሱም ያመዋል፣ ሕክምናም ይገባዋል፤ ለጥቂት ሰዓት ቢቆይ ሕይወቱም አካሉም አይጎዳም ተብሎ ስለተገመተ ብቻ ነው ወደ ኋላ የቀረው።

በዚህ ቅደም ተከተል እኔ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። አራቱ ሰዓት ስምንትና አሥር ሲሆን ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ያው አረንጓዴው ሰው ነው፤ ጤና ጣቢያ መታከም ሲችል መጥቶ አጨናነቀን ይባላል። ይህ ወቀሳ በካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ተፈትሿል። ከ100 በላይ ድንገተኛ ክፍሎችን ያየውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት እንዳገኘው፣ በ8 ሰዓት ውስጥ 10 ቀላል ሕመምተኞች ቢጨመሩ የሌሎቹ፣ የከበዱት፣ ቆይታ በአማካይ የሚረዝመው ከ6 ደቂቃ ባነሰ ነው።

ታዲያ ክፍሉን የሚያጨናንቀው ምንድን ነው? የአልጋ እጦት ነው። ተኝቶ እንዲታከም የተወሰነለት ሰው ዋርድ ውስጥ ቦታ ስላጣ እዚያው ድንገተኛ ክፍል ያድራል። ቃሬዛውም፣ ኦክስጅኑም፣ ነርሷም በእሱ ተይዘዋል። ዋርድ ውስጥ ደግሞ የሻለው ሰው የሚወስደው ቤተሰብ ከክፍለ ሀገር እስኪደርስ ወይም የምርመራ ውጤቱ እስኪመጣ አልጋው ላይ ይቆያል። በር ላይ የተቀመጠው አረንጓዴ ሰው የሚጠብቀው ያ ሁሉ እስኪፈታ ነው። ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ 95ቱ ሕመምተኞች በ4 ሰዓት ውስጥ ታይተው እንዲያበቁ የተቀመጠው ግብ በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳካው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ነበር።

እኛ ዘንድ ጥበቃው ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። የታከተው ሰው ተነሥቶ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ወጌሻው ሰፈር ውስጥ አለ፣ ቤተሰቡን ያውቃል፣ ወዲያውም ይዳስሰዋል፤ ለወለምታ ብዙ ሰው ይመሰክርለታል። የሚያስፈራው ጉዳቱ ስብራት ሆኖ ሲገኝ ነው። በእንጨት ተደግፎ ጠብቆ የታሰረ እግር ሲያብጥ ማሰሪያው ደም ያግዳል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ከዚያ ይጠቁራሉ። የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች በዚህ ምክንያት የልጆችን እጅና እግር ለመቁረጥ የተገደዱበት ጊዜ ብዙ ነው። አረንጓዴውን ሰው ማሰልቸት ቀላል ነገር ነው የሚለኝን ለዚህ ነው የማልቀበለው።

ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ትልቅ መሣሪያ አይደለም፤ የራሱ መስመር ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን፣ የስፌት ዕቃ፣ ማደንዘዣ፣ ፋሻና ጀሶ። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያሉ ነርሶች ራሳቸው መርምረው፣ ራሳቸው ሰፍተው ያሰናብታሉ፤ ከቀዩ ክፍል ሐኪም ጋር አይሻሙም።

የራጅ ወረፋም ሊቀንስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢያን ስቲል የተባሉ ካናዳዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ኦታዋ ውስጥ ያወጡት የቁርጭምጭሚት ደንብ በጣት ብቻ ይሠራል። ቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ካሉት አጥንቶች ታችኛውን 6 ሳንቲሜትር በኋላ ጠርዙ በኩል ይጫኑታል። ከዚያ ሕመምተኛው እንደተጎዳ፣ አሁንም፣ አራት እርምጃ መራመድ ችሎ እንደሆነ ይጠየቃል። አጥንቱ ላይ ሲጫኑት ካላመመውና መራመድ ከቻለ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም አነስተኛ ስለሆነ ያለ ራጅ በፋሻ ይሸኛል። ሕመሙ መሐል እግሩ ላይ ከሆነ ደግሞ የሚጫኑት ሌሎች ሁለት ነጥቦች አሉ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ያ መስመር እስኪከፈት ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ጥቂት ነገር ልንገረው። የተጎዳ እግር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አይታሽ። እጅ ከተጎዳ ሳያብጥ ቀለበት ይውለቅ። ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ሳይጠይቁ ምግብ አለመብላት ነው። ማስታገሻ መጠየቅ ነውር የለበትም። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከገረጣ፣ ሕመሙ በማስታገሻ ካልበረደና እየባሰ ከሄደ፣ ራሱን የተመታ ሰው ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ተራን ሳይጠብቁ ነርሷን መጥራት ያስፈልጋል። እንደገና ለክታ ቀለሙን ትቀይረዋለች።