ሪያል አልጨመረም

ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ ግራና የሚኖሩ አንዲት የዘመድ እናት ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው እኛ ቤት ሰንብተው ነበር። ሳውዲ ዓረቢያ በቤት ሠራተኛነት የምትኖር ልጅ አለቻቸው። አንድ ማታ ቡና ላይ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ “ሪያል ጨመረ ይሉኛል። ልጅቱ የምትልከው ግን ያው አንድ ሺሕ ነው፤ ሥራዋም ያው ነው። ታዲያ የጨመረው ምኑ ነው?”

ሕግ ተምሬአለሁ የምል ሰው ቶሎ መልስ አላገኘሁም። ጥያቄያቸው ግን የብርን የ80 ዓመት ታሪክ የሚያስመረምር ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ አንድ ገንዘብ ይሠራ ነበር፤ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር። እኛ “ብር” ስንለው ማዶ ያሉት ዓረቦች “ሪያል” ይሉት ነበር። ምንዛሪ የሚባል ጣጣ አልነበረም፤ ሁለቱም የሚመዝኑት ያንኑ ብር ነው።

የዛሬው ብር በአዋጅ ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ዋጋው በሕጉ ውስጥ በወርቅ ክብደት ተወስኖ ስለነበር አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበር። በ1956 ዓ.ም. ወደ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ተስተካከለ። አሜሪካ በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. የዶላሯን ዋጋ ከወርቅ አንጻር ስትቀንስ ብር አብሮ አልወረደም። ስለዚህ ዶላሩ መጀመሪያ 2 ብር ከ30 ሳንቲም፣ ቀጥሎ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆነ። ደርግ ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ተረክቦ እስኪወድቅ ድረስ አልነካትም። ጦርነቱ የውጭ ምንዛሪውን ሲበላው፣ በ1981 ዓ.ም. የዓለም ቡና ስምምነት ኮታ ፈርሶ የቡና ዋጋ ሲወድቅም ቁጥሯ በወረቀት ላይ እንደቆመች ነበረች። በጥቁር ገበያ ግን ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር።

ሳውዲ ዓረቢያ በበኩሏ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ አንዱን ዶላር በ3.75 ሪያል ቆርጣ አስቀምጣለች። ነዳጇን የምትሸጠው በዶላር ነውና ይህን ዋጋ እስከ ዛሬ አላነቃነቀችውም። እንግዲህ የሪያልን የብር ዋጋ ለማወቅ የዶላሩን ተመን ለ3.75 ማካፈል ይበቃል። በባንክ ተመን 1,000 ሪያል የሚያስገኘው ብር በግርድፉ ይህን ይመስላል፤

– እስከ 1984 ዓ.ም. መጨረሻ፦ 552 ብር
– ከመስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. በኋላ (ዶላር 5 ብር ሲገባ)፦ 1,333 ብር
– በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መጨረሻ (16 ብር ከ35)፦ 4,360 ብር
– በጥቅምት 2010 ዓ.ም. (27 ብር ገደማ)፦ 7,200 ብር
– ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋዜማ (57 ብር ገደማ)፦ 15,200 ብር
– በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ (ከ120 ብር በላይ)፦ ከ32,000 ብር በላይ

በ1985 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ከዕዝ ኢኮኖሚ ለመውጣት፣ በ2002 እና በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ የወጪ ንግድን ለማበረታታት ሲል ብርን በአንድ ጊዜ አወረዱት። የ2016ቱ ግን ከሁሉም ይለያል። የውጭ ዕዳ መክፈል አቅቶን፣ በጥቁር ገበያ ዶላር ከባንኩ እጥፍ ዋጋ እየተሸጠ ሳለ፣ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በተደረገ ስምምነት ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ሳይሆን የባንኮችና የደንበኞቻቸው ግብይት ነው ተባለ።

ስለዚህ ለእኒያ እናት የሰጠሁት መልስ አጭር ነው፤ ሪያል አልጨመረም፣ ብር ነው የቀነሰው።

“ታዲያ ለእኛ አይበጅም?” ማለታቸው አልቀረም። ገንዘቡ በመጣበት ሳምንት ለሚያወጣው ሰው ይበጃል፤ ያውም ለጥቂት ጊዜ። ግራና በመስኖ ሽንኩርት ለሚያለማ ገበሬ ማዳበሪያውም፣ የውኃ መሳቢያው ናፍጣም፣ ለቤቱ የሚገዛው ዘይትም በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ነው። ዋጋው ውሎ አድሮ ምንዛሪውን ይከተላል።

ዋናው ጉዳት ግን በቆጣቢው ላይ ነው። ልጅቱ በሰኔ 2016 ዓ.ም. የላከችውን 1,000 ሪያል እናት በ15,200 ብር መንዝረው “ስትመጣ ቤት ትሠራበት” ብለው ባንክ አስቀመጡት እንበል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ያ ብር ተመልሶ ቢመነዘር 500 ሪያል አይሞላም። የሰው ቤት ስታጥብ ከዋለችበት ወር ግማሹ፣ ማንም ሳይሰርቃት፣ ሄደ ማለት ነው። ወለዱ ይህን አይክስም።

ሕጉ ለዚህ አንድ በር ከፍቶ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ያወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ፈቅዷል። የግራናዋ እናት ግን ይህን ከእኔ ሰሙ እንጂ ገንዘቡን በየወሩ በመስኮት የሚቆጥርላቸው ሰው አንድም ቀን አልነገራቸውም።

በ1937 ዓ.ም. የብር ዋጋ በአዋጁ ላይ ተጽፎ ይታይ ነበር። ዛሬ ዋጋው በየዕለቱ ይለዋወጣል፤ ሕጉ የተወልን መብት ብቻ ነው። መብቱን የሚያውቁት ደግሞ አዲስ አበባ ያለነው ነን፤ ገንዘቡ የሚገባው ግን ግራና ነው። መመሪያን በድረ ገጽ መለጠፍ ለሕግ አውጪው በቂ ሊሆን ይችላል። ማንበብ ለማይችል ባለመብት ግን መመሪያው የሚጀምረው በባንኩ መስኮት በቃል ሲነገረው ነው።