ከመጣጥፉ ጀርባ ያለው ሙግት

ዛሬ ዊኪፔዲያን ከፍቶ የማያውቅ ተማሪ ወይም ጋዜጠኛ ማግኘት ይቸግራል። ከሚከፍቱት ውስጥ ግን አብዛኞቹ የፈለጉትን አንብበው ይወጣሉ፤ ከገጹ ራስጌ ያሉትን ሁለት ቃላት አይነኳቸውም። አንደኛው «ውይይት» ይላል፣ ሌላው «ታሪክ»። ለእኔ የዚህ መዝገበ ዕውቀት ነፍስ ያለው እዚያ ነው። «ታሪክ» የሚለውን ስንጫን፣ መጣጥፉ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ የተደረገበት ለውጥ ሁሉ፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ መጨመሩ ሳይቀር፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተደርድሮ ይቆየናል። «ውይይት» ደግሞ ጸሐፊዎቹ «ይህ ለምን ገባ፣ ያ ለምን ወጣ» እየተባባሉ የተሟገቱበትን ይዞ ይቀመጣል። የታተመ መዝገበ ዕውቀት ይህን ጓዳውን ለአንባቢ ከፍቶ አሳይቶ አያውቅም።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ነው። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ከዚያ በፊት ኑፒዲያ የሚባል፣ ምሁራን በሰባት ደረጃ የሚመረምሩት መዝገበ ዕውቀት ጀምረው ነበር፤ ምርመራው ረጅም በመሆኑ ያለቀላቸው ጽሑፍ በጣም ጥቂት ሆነ። ስለዚህ በዋርድ ከኒንግሃም የተፈጠረውን፣ ማንም ገብቶ የሚያርመውን የድረ ገጽ ዘዴ ወሰዱና በሩን ከፈቱት። በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ 20 ሺህ ገደማ መጣጥፎች ተከማቹ። ዛሬ የእንግሊዝኛው ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች አሉት።

አርታኢዎቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ገንዘብ ያሰባስባል፣ ኮምፒውተሮቹን ያስተዳድራል እንጂ መጣጥፍ አይጽፍም። ታዲያ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጣሉ ማን ይዳኛል? በአገራችን የበልሃ ልበልሃ ሙግት ዳኛ ነበረ፣ ጠበቃ ነበረ፣ ምስክር ነበረ። እዚህ ቋሚው ምስክር ብቻ ነው፤ ምስክሩም የታተመ፣ ተአማኒ ምንጭ ነው። «እኔ በቦታው ነበርኩ» ወይም «በዚህ ትምህርት ዶክተር ነኝ» ማለት አያስረታም። የት ታተመ፣ ማን ጻፈው፣ በስንተኛው ገጽ ነው? ጥያቄው ይህ ነው። ምንጮቹ ራሳቸው ካልተስማሙ፣ መጣጥፉ አንዱን መርጦ ሌላውን መደበቅ የለበትም፤ እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሊት ደግሞ እንዲህ ትላለች ብሎ፣ ለእያንዳንዱ በምንጮቹ ዘንድ እንዳለው ክብደት ቦታ ይሰጣል።

የሙግቱ ሥርዓት በአመዛኙ እንዲህ ይሄዳል። አንዱ ይለውጣል፤ ያልተስማማው ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ ውይይት ገጹ ሄደው ምክንያታቸውን ያቀርባሉ። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የሌሎችን ሥራ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ ከቀለበሰ ሊታገድ ይችላል፤ ትክክል ቢሆንም እንኳ። ካልተግባቡ ሦስተኛ ሰው ይጠራሉ፣ ወይም የሌሎችን አስተያየት በይፋ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ በክርክሩ ያልነበረ አርታኢ ገብቶ ውጤቱን ይጽፋል፤ እጅ ቆጥሮ ሳይሆን የማን ምክንያት በደንቡና በምንጩ እንደጸና መዝኖ። የግልግል ኮሚቴም አለ። እሱም ቢሆን የሚዳኘው የአርታኢዎችን ጠባይ ነው እንጂ የመጣጥፉን እውነትነት አይደለም።

ስለ እርጎ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ መጣጥፍ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀመር ርእሱ፣ ብዙ እንግሊዞች እንደሚጽፉት፣ በመሃሉ «ኤች» የሚባለው ፊደል ነበረበት። ቆይቶ አንድ ሰው አሜሪካኖች እንደሚጽፉት ፊደሉን አወጣው። ከዚያ በኋላ ለስምንት ዓመት ያህል ይግባ፣ አይግባ ሲባል ኖረ። አንዱ ወገን መጣጥፉ በተጀመረበት አጻጻፍ ይቆይ የሚለውን ደንብ ይጠቅሳል፤ ሌላው በጽሑፍ የሚዘወተረው የትኛው እንደሆነ ማስረጃ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2011 «ኤች» እንዲወጣ ተወሰነ፤ ሙግቱም በረደ። ለአንድ ፊደል ይህ ሁሉ ድካም የሚል ይኖራል። «ሠራተኛ» በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ ብሎ የተከራከረ አማርኛ ጸሐፊ ግን ነገሩን አይንቀውም። እኔን የሚያስደንቀኝ የክርክሩ ርዝመት ሳይሆን አለመጥፋቱ ነው፤ ዛሬም ማንም ገብቶ ሊያነበው ይችላል።

ሥርዓቱ ክፉኛ የተሰናከለባቸው ጊዜያት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ሰው የአሜሪካዊውን ጋዜጠኛ የጆን ሲገንታለርን የሕይወት ታሪክ በሐሰት ጻፈ፤ በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥረው እንደነበር የሚናገር ነውረኛ ውሸት ነው። ከአራት ወር በላይ ማንም ሳያርመው ቆየ። የተሟገተበት ስላልነበረ ነው የቆየው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ መጣጥፍ እንዳይጀምር ተደረገ።

ከዚህ የባሰው የክሮኤሽያው ነው። ጥቂት አክራሪ ብሔርተኛ አስተዳዳሪዎች የክሮኤሽያኛውን ዊኪፔዲያ ለዓመታት ተቆጣጠሩት። የሚቃወማቸውን እያገዱ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክሮኤሽያን ይገዛ የነበረው የኡስታሻ መንግሥት የፈጸመውን ግፍ አለዝበው ጻፉት። ፋውንዴሽኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት ይህንኑ አረጋገጠ። ያ መዝገብ የተበላሸው ጸብ ስለበዛበት አይደለም፤ ተቃዋሚው ስለተባረረ ነው።

የምንጭ ደንቡም የራሱ በደል አለው። ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ መጣጥፍ አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የቀረበ ረቂቅ የቀረቡት ምንጮች በቂ አይደሉም ተብሎ ተመልሶ ነበር። ጋዜጣና መጽሐፍ የዘነጋውን ሰው ዊኪፔዲያም ይዘነጋዋል። ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። የአዝማሪው፣ የባህል ሐኪሙ፣ የአገር ሽማግሌው ዕውቀት በአብዛኛው በቃል ያለ ነውና፣ በደንቡ ፊት ምስክር እንደሌለው ባለጉዳይ ይቆማል። ደንቡን እደግፈዋለሁ፤ ባይኖር ኖሮ ድምፁ የጎላ ሁሉ ታሪክ ጸሐፊ በሆነ ነበር። የሚያስከፍለውን ዋጋ ግን መካድ አይገባም።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች አሉት። ብዙዎቹ ጥቂት መስመር ብቻ ናቸው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ የውይይት ገጾቹ ባዶነት ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ታሪካችን ሌሊቱን ሙሉ የምንሟገት ሰዎች፣ ያንኑ ክርክር ምንጭ ጠቅሰን፣ ስማችንን ፈርመን፣ ነገ በሚነበብበት ቦታ አናደርገውም። የምንጽፈው በጥቂት ቀን ውስጥ ከዓይን ይሰወራል፤ መጣጥፉ ግን ያው ሦስት መስመሩን ይዞ ይቀራል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ነገር ቀላል ነው። ደንቡ ምንጩ ኢንተርኔት ላይ እንዲገኝ አያስገድድም፣ በእንግሊዝኛ እንዲሆንም አይጠይቅም። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ መጻሕፍት፣ በወመዘክር የተቀመጠ የቆየ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ እትም፣ ወይም አባት መደርደሪያ ላይ ያለ፣ አሁን በገበያ የማይገኝ መጽሐፍ፣ የደራሲው ስም፣ የታተመበት ዓመትና የገጹ ቁጥር ከተጻፈለት፣ በሙግቱ ተሰሚ ምስክር ነው።